«አጥብቁ» ወይስ «አጣብቁ»? የሞዴል ሮቦት መመሪያ በአማርኛ

ጥያቄ፦ የጃፓኑ የመጫወቻ ኩባንያ ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣውን የጋንዳም (በጃፓን የካርቱን ፊልም ላይ ያለ ግዙፍ ሮቦት) ፕላስቲክ ሞዴል አሠራር ለጓደኞቼ በአማርኛ ጽፌ ነበር። «የክንዱን ክፍሎች ቆራርጣችሁ አጣብቁ፤ ከዚያ ሮቦቱን አቁሙት» አልኩ። አንዱ ትከሻውን ጭምር በማጣበቂያ ስላያያዘው ክንዱ አልንቀሳቀስ አለ። አማርኛዬ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ያነበበውን ነው የፈጸመው። ጉድለቱ ያለው ግሦቹ ላይ ነው።

ዋናው «አጣብቁ» ነው። ይህ ሞዴል መጠኑ 1/144 ነው፤ በታሪኩ 18 ሜትር የሚረዝመው ሮቦት እዚህ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ300 የን ይሸጥ የነበረው ይህ የመጀመሪያው ምርት ያለ ማጣበቂያ አይሠራም። ክንዱ በሁለት ግማሽ የተከፈለ ስለሆነ ግማሾቹ መጣበቅ አለባቸው። ክንዱ ትከሻው ላይ የሚዞርበት ዘንግ ግን መጣበቅ የለበትም፤ እሱ ይሰካል። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ እንደ ወረቀት ኮላ ላይ ላዩን አይዝም። ፕላስቲኩን አቅልጦ ሁለቱን ገጽ አንድ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጠብታው ወደ ዘንጉ ከፈሰሰ ዘንጉም ከትከሻው ጋር አንድ ይሆናል። «ግማሾቹን አጣብቀው አንድ ቀን ያድርቁ፤ ዘንጉን ያለ ማጣበቂያ ይስኩ» ቢሉ ኖሮ ክንዱ ይዞር ነበር።

«አጥብቁ» ሌላ ሥራ ነው፤ የላላውን እንዳይላላ ማድረግ። ሁለቱን ቃላት የሚያቀላቅል አንድ እውነተኛ አጋጣሚ አለ። ክንዱ መሣሪያውን መሸከም አቅቶት ወደ ታች ከወደቀ፣ ዘንጉን ነቅሎ ሱፐር ግሉ በስሱ ቀብቶ ሙሉ በሙሉ ካደረቁ በኋላ መልሶ መሰካት ያጠብቀዋል። እዚህ ማጣበቂያው የሚያጣብቀው ነገር የለም፤ ዘንጉን በትንሹ ያወፍረዋል እንጂ። ሳይደርቅ የሰካ ሰው ግን አጣበቀው ማለት ነው። ስለዚህ «እስኪደርቅ አይሰኩ» የሚለውን በግልጽ ይጻፉ።

«ቆራረጠ» የሚያስታውሰው ሽንኩርትን ነው፤ ክፍሉ ራሱ እንዲከታተፍ ያዘዙ ይመስላል። የሚፈለገው ክፍሉን ከያዘው ፍሬም «ቆርጦ ማውጣት»፣ ቀጥሎ «መከርከም» ነው። በመቁረጫ ፒንሳ መጀመሪያ ከክፍሉ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ርቆ መቁረጥ፣ ከዚያ የቀረውን ትርፍ ከሥሩ መከርከም ይሻላል። በአንድ ጊዜ ከሥሩ ከተቆረጠ ፕላስቲኩ ላይ ኃይል ይበዛበትና ነጭ ጠባሳ ይቀርበታል፤ ጠቆር ባለ ቀለም ላይ ደግሞ በጣም ጎልቶ ይታያል። ግማሾቹ የተጣበቁበትን መስመር በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው፤ በ400 ቁጥር ተጀምሮ በ600፣ በ800 እያለ ይለሰልሳል። መስመሩ ሳይደርቅ ከታሸ፣ ኋላ ላይ ይሰረጎዳል።

«መግጠም» እና «መገጣጠም»ም ይለያያሉ። አንዱን ክፍል በሌላው ላይ «ይገጥማሉ»፤ ሙሉውን ሮቦት «ይገጣጥማሉ»።

«አቁሙት» የሚለው ደግሞ ሁለት ፍቺ አለው፤ በእግር ማቆምም ሥራን ማስቆምም ነው። «በሁለት እግሩ ያቁሙት» ቢሉ ይበቃል። ስለ አኳኋኑ ሲጽፉ ግን «አቋቋም» የሚለውን ይውሰዱ። የማኅሌት አቋቋም የሰውነትን አያያዝ ጭምር እንደሚያስተምር ሁሉ፣ ቃሉ ሰውነት እንዴት እንደሚያዝ የመግለጽ አቅም አለው። ይህን ቃል ሞዴል ሠሪዎች ቢለምዱት ደስ ይለኛል። እግሩም ወገቡም ለሚንቀሳቀስ ሞዴል ለምሳሌ፦ «አቋቋሙን ሲያስተካክሉ መጀመሪያ እግሮቹን በትከሻ ስፋት ያራርቁ፤ ሁለቱም መርገጫዎች ሙሉ በሙሉ ወለሉን ይንኩ። ጋሻው የግራ ክንድን ስለሚጎትት ሮቦቱ ወደ ግራ ካዘነበለ ግራ እግሩን ወደ ውጭ ያውጡ። ወገቡንና ራሱን በመጨረሻ ያዙሩ»። ራሱ ቀድሞ ከዞረ፣ እግሩ ሲነካካ ሁሉም ስለሚዛባ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

የሚያነበው ሰው ብዙ ከሆነ «ቁረጥ፣ ቁረጪ፣ ቁረጡ» እያሉ ከመቀያየር «ይቁረጡ» ብሎ እስከ መጨረሻው መዝለቅ ይሻላል። አረፍተ ነገርዎ እንዲህ ይሁን፦ «የክንዱን ክፍሎች ከፍሬሙ ቆርጠው አውጥተው ትርፉን ይከርክሙ። ሁለቱን ግማሾች አጣብቀው አንድ ቀን ያድርቁ፤ ዘንጉን ግን ማጣበቂያ ሳያስነኩ ትከሻው ላይ ይስኩ። ከዚያ ሮቦቱን በሁለት እግሩ ያቁሙት»።