ስኬት ለምን እግር ይልጣል? ጥያቄና መልስ

ከጀማሪዎችም ከቆዩ ነጂዎችም የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ጉዳዩ አንድ ነው፦ አራት ጎማው በአንድ መስመር የተደረደረ ስኬት እግር ሲያሳምምና ውሃ ሲያስቋጥር ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጠሩ። ጠቦኝ ነው ብዬ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ገዛሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ።

መልስ፦ መጀመሪያውኑም ሰፍቶህ ይሆናል። ውሃ የሚያስቋጥረው መጫን ብቻ አይደለም። ቆዳው ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ይቀርና ውስጥ ያለው አጥንት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በመሐል ያለው የቆዳ ንብርብር ሲደክም ይላቀቃል፣ ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። ላብና ሙቀት ነገሩን ያፋጥኑታል። ስኬት ላይ በገፋህ ቁጥር ተረከዝህ ወደ ላይ ሊነሳ ይታገላል፤ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ክፍተት ካገኘ ሥራው አለቀ።

የጫማ ቁጥርህን እርሳው፣ እግርህን ለካ። እግር ቀን ሲውል ስለሚያብጥ ማታ ይሁን። የምትነዳበትን ካልሲ አድርግ፣ ተረከዝህን ግድግዳ አስነክተህ ቀጥ ብለህ ቁም፣ ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ለካ። ሁለቱን እግር ለክተህ ትልቁን ያዝ። 265 ሚሊሜትር ከሆነ ስኬቱ ላይም በሚሊሜትር የተጻፈውን 265 ፈልግ። አስረኸው ቀጥ ብለህ ስትቆም ጣትህ ጫፉን በስሱ መንካት አለበት፤ ጉልበትህን ስታጥፍ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። አጥፈህም ጣትህ ከተቆለመመ ያኔ እውነትም ጠቦሃል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ነው የምገዛው፣ ቁጥሩም ጠፍቷል። በምን ልወቅ?

መልስ፦ ውስጠኛው ስፖንጅ ጫማ የሚወጣ ከሆነ አውጣው። ባዶው የፕላስቲክ ቅርፊት ውስጥ እግርህን ከትተህ ጣትህን ፊት ለፊት አስነካና ከተረከዝህ ኋላ ያለውን ክፍተት እይ። ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ጥሩ ነው፤ ከ2 ካለፈ ተወው፣ ምንም ካልሲ አያድነውም። ስፖንጁንም በእጅህ ጫን ጫን አድርገው። ተረከዙ አካባቢ ቀጥቶ ካልተመለሰ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ነው የምትገዛው።

ጥያቄ፦ ለ9 ዓመት ልጄ ሁለት ቁጥር ጨምሬ ልግዛ? በየዓመቱ መግዛት አልችልም።

መልስ፦ «ያድግበታል» ለጃኬት ይሠራል እመቤቴ፣ ለስኬት ግን አይሆንም። እግሩ ውስጡ ሲዋኝ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ተረከዙም ይላጣል። ቁልፉ ተጭኖ ርዝመቱ የሚጨምር የልጆች ስኬት ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቁጥር ይሸፍናል። ዛሬ በትንሹ ልክ የሚገባለትን ይግዙ እንጂ በትልቁ የሚገባለትን አይግዙ።

ጥያቄ፦ ክሩን ጥብቅ አድርጌ ነው የማስረው፣ ግን ጣቶቼ ይደነዝዛሉ።

መልስ፦ ሁሉንም እኩል ስለምታጠብቂ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ተቀምጠሽ ተረከዝሽን መሬት ላይ ሁለት ሦስቴ መታ አድርገሽ ወደ ኋላ አስገቢ። መጀመሪያ እግርሽ ከቅልጥምሽ ጋር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ በሰያፍ የሚያልፈውን ማሰሪያ ሳቢ፤ ተረከዙን ቦታው ላይ የሚይዘው እሱ ነው። ቀጥሎ ክሩ፦ ጣት በኩል ላላ፣ መሐል ላይ መካከለኛ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ። የላይኛውን ዘለበት ቆመሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ ዝጊ። ቀጥ ብለሽ ከዘጋሽው፣ ስታጥፊ ቅልጥምሽን ይቆርጥሻል።

የእግርሽ ጀርባ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ የሚያቃጥልሽ ከሆነ በዚያ ቦታ ክሩን አታመሳቅይው፤ አንድ ቀዳዳ ዝለይና ቀጥታ ወደ ላይ አሳልፊው። 10 ደቂቃ ከነዳሽ በኋላ ደግሞ ቆም ብለሽ እንደገና እሰሪ፤ ስፖንጁ ሲሞቅ ይላላል።

ጥያቄ፦ ካልሲ ሁለት ልደርብ?

መልስ፦ ወፍራም ጥጥ መደረብ ከሁሉ የከፋው ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ይጨማደዳል፣ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። አንድ ስስ ናይለን ወይም ፖሊስተር ያለበት፣ ወይም ስስ የሱፍ ካልሲ ይበቃል፤ ቁመቱ ከስኬቱ አንገት በላይ ይውጣ። ሁለት የሚሠራው ሁለቱም ስስ ሲሆኑና ቦታ ሲኖር ነው፤ ያኔ መፋተጉ በካልሲና በካልሲ መካከል ይሆናል። ቫዝሊን ለአጭር ጉዞ ያንሸራትታል፣ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያለሰልሰዋል።

ጥያቄ፦ የቁርጭምጭሚቴ አጥንት ይቀላል፣ ያብጣል። ስፖንጅ ልለጥፍበት?

መልስ፦ አጥንቱ ላይ ከለጠፍክ ጫናው ይብሳል። ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ በቀለበት ቅርጽ ቆርጠህ አጥንቱ ቀዳዳው መሐል እንዲገባ አድርግ። ጫናው ዙሪያውን ይበተናል።

ግን አጥንቱን የሚነካህ ውስጠኛው በኩል ብቻ ከሆነ ጎማዎቹን እይ። ውስጠኛው ጠርዛቸው ብቻ ካለቀ እግርህ ወደ ውስጥ እየወደቀ ነው ማለት ነው። ጎማዎቹን የያዘው ብረት ሶሉ ላይ በሁለት ቦልት ከታሰረና ቀዳዳዎቹ ሞላላ ከሆኑ፣ ቦልቶቹን በአሌን ቁልፍ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) አላላና ብረቱን 2 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ ወደ አውራ ጣት በኩል፣ ግፋው። ነድተህ ሞክር፣ ካስፈለገ ጨምር። ብዙ ሰው ስኬቱን ከመጣሉ በፊት ይህን አለመሞከሩ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ በ15 ደቂቃ ውስጥ እግሬ ሥር ይቃጠላል፣ ይኮማተራል።

መልስ፦ ጀማሪ ከሆንሽ ሚዛን ፍለጋ በጣቶችሽ ሶሉን እየቧጠጥሽ ነው፤ ጡንቻው ይደክማል። ጣቶችሽን አንስተሽ ማወዛወዝ ካቃተሽ ምክንያቱ ይህ ነው። ለሁለት ሦስት ሳምንት በየ15 ደቂቃው አርፈሽ ክሩን አላልተሽ ንጂ። ጠፍጣፋ እግር ካለሽ የመሐል ድጋፍ ያለው ሶል አንጥፊ፤ ነባሩን ግን አውጪ፣ ሁለት ከደረብሽ የእግርሽ ጀርባ ይጨነቃል።

መንገዱም አለበት። ሻካራ አስፋልት ላይ 76 ወይም 80 ሚሊሜትር የሆነ ጠንካራ ጎማ ንዝረቱን በሙሉ እግርሽ ላይ ያራግፈዋል። ጎማው ላይ 85ኤ (85A፣ የጎማው ጥንካሬ መለኪያ ነው) ተብሎ ከተጻፈ ወደ 80ኤ ገደማ ዝቅ በይ፣ ይለሰልሳል። ኮብልስቶን ላይስ? እሱ ላይ አውልቆ መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ውሃ ከቋጠረስ? ላፍርጠው?

መልስ፦ ትንሽና የማያምም ከሆነ አትንካው። ትልቅና የሚወጥር ከሆነ እጅህን ታጠብ፣ መርፌውን በአልኮል አጽዳ፣ ጠርዙ ላይ አንድ ሁለት ቦታ ወጋ አድርገህ ፈሳሹን አውጣ። ቆዳውን አትላጠው፤ ከእሱ የተሻለ መሸፈኛ የለም። ንጹሕ ፋሻ አድርግበት፣ እስኪደርቅም ስኬቱን ተው። መቅላቱ ከተስፋፋ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ስኳር ሕመም ካለብህ ራስህ አትነካካው፣ ሐኪም ይየው።

ለቀጣዩ ጊዜ፣ የምትላጥበትን ቦታ ስለምታውቀው ካልሲ ከማድረግህ በፊት ደረቅ ቆዳ ላይ የጨርቅ ፕላስተር ለጥፍ፤ ጥጉን በመቀስ አክብበው፣ ሹል ጥግ ይነሳና ይጠቀለላል። እየነዳህ ሙቀት ከተሰማህ እዚያው ቁም። ሙቀቱ ከተሰማ በኋላ ውሃ እስኪቋጥር ብዙ ጊዜ አይቀርህም፤ «እቤት ደርሼ» ያለ ሰው እያነከሰ ነው የሚደርሰው።