አስማታዊ ዕቃ በስንት ይሸጥ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተገናኘን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን፣ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ጀብደኛ ገጸ ባሕርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወተውን የምናብ ጨዋታ የምንጫወት አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። የምንጠቀመው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የጨዋታውን የደንብ መጽሐፍ አምስተኛ እትም ሲሆን፣ የፈጠርነው ዓለም አገራችንን ይመስላል፤ ከላይ ብርዳማ ደጋ፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ ነጋዴ የሚበዛበት ገበያ አለው። ተጫዋቾቼ ዘንዶ ገድለው ወደ 6,000 የወርቅ ሳንቲም ካገኙ ወዲህ አስማታዊ ዕቃ ካልገዛን እያሉ ነው። አንዱ የሚያበር ጫማ በ500 ወርቅ ይገባኛል ሲል፣ ሌላው ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚያበር መድኃኒት እንኳ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል ብሎ ይከራከረዋል። ማን ነው ትክክል? ዋጋውንስ በምን ልቁረጥ?»

መልስ፦ ሁለቱም ተጫዋቾችዎ መጽሐፉን በትክክል አንብበዋል፤ የተጣላው መጽሐፉ ከራሱ ጋር ነው። በዚያ እትም ዋጋ የሚወሰነው በዕቃው ብርቅነት ብቻ ነው። ተራው ከ50 እስከ 100፣ ብዙም ያልተለመደው ከ101 እስከ 500፣ ብርቁ ከ501 እስከ 5,000፣ እጅግ ብርቁ ከ5,001 እስከ 50,000 ወርቅ ያወጣል፤ የአፈ ታሪክ ዕቃ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። እስከ 4 ሰዓት የሚያበረው ጫማ «ብዙም ያልተለመደ» ከሚባለው መደብ ስለተመደበ ከ500 አያልፍም። አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የሚያልቀው የመብረሪያ መድኃኒት ግን «እጅግ ብርቅ» ስለተባለ፣ የሚያልቅ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ይታሰባል የሚለው ደንብ ቢታከልበት እንኳ ከ2,500 ወርቅ አይወርድም። ይህ የሆነው አዘጋጆቹ አስማታዊ ዕቃ በጀብዱ የሚገኝ እንጂ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም ብለው ስለተነሡ ነው፤ ብርቅነት ዕቃው ምን ያህል አልፎ አልፎ እንደሚገኝ ይናገራል እንጂ ለያዘው ሰው ምን እንደሚሠራለት አይናገርም።

ስለዚህ ዋጋውን ከብርቅነቱ ነጥለው ከሥራው እንዲነሡ እመክራለሁ። ለዚህ የሚሆን መለኪያ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ እሱም አስማት የሌለበት የጥሩር ዋጋ ነው። 17 የመከላከያ ነጥብ የሚሰጠው ጥሩር 200 ወርቅ ሲሆን፣ 18 የሚሰጠው ሙሉ የብረት ጥሩር 1,500 ነው፤ ይህም ማለት ተዋጊው ለዚያች ለአንዲት ነጥብ 1,300 ወርቅ ለመጨመር ፈቃደኛ ነው ማለት ነው። ታዲያ ያንኑ አንድ ነጥብ የሚጨምረው አስማታዊ ጋሻ «ብዙም ያልተለመደ» ስለተባለ ብቻ በ500 እንዴት ይሸጣል? እኔ ብሆን ከ1,500 በታች አልሸጠውም። የሚያበረውንም ጫማ በዚሁ መንገድ ይመዝኑት። ጠንቋዩ የመብረር ድግምትን የሚያገኘው 5ኛ ደረጃ ሲደርስ ነው፤ ያውም ለ10 ደቂቃ ብቻ፣ ሐሳቡ ከተበተነ የሚቋረጥ ሆኖ። ይህን ሁሉ ያለ ድካም የሚሰጥ ጫማ ገደልን፣ ግንብንና ወንዝን ከጨዋታው ያወጣልና 5,000 ወርቅ ቢባልበት አይበዛበትም። መድኃኒቱ ግን ለአንድ ችግር ብቻ የሚውል በመሆኑ 500 ይበቃዋል። እንዲህ ሲሆን 6,000 ወርቅ የያዙት ተጫዋቾችዎ ወይ ጫማውን ገዝተው ኪሳቸውን ያራግፋሉ፣ ወይ ጥቂት መድኃኒት ገዝተው ለሌላውም ያስተርፋሉ፤ ሊመካከሩበት የሚገባ ምርጫ የሚኖራቸው ያን ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር፤ ዋጋን በቀመር ያሰላ ነበር። የሰይፍ አስማታዊ ጭማሪ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ2,000 ይባዛል፤ ስለዚህ 1 የሚጨምረው 2,000፣ 2 የሚጨምረው 8,000፣ 3 የሚጨምረው 18,000 ወርቅ ያወጣል። ይህ አሠራር ብልሃት አለው። ጭማሪው በእጥፍ ሲያድግ ዋጋው አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ተጫዋቹ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ሰይፍ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ ለጋሻውም ለመጎናጸፊያውም ያካፍላል። ይሁን እንጂ ቀመሩ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነበርና ከቁጥር ውጭ ባለው ነገር ላይ ይስት ነበር። በጣም የታወቀው ምሳሌ ቀላል ቁስልን የሚፈውሰው በትር ነው። የፈውስ መድኃኒቱ አንዱ ብልቃጥ 50 ወርቅ ሲያወጣ፣ ያንኑ ፈውስ 50 ጊዜ የሚሰጠው በትር 750 ነበር፤ ለአንድ ጊዜ ሲካፈል 15 ወርቅ ብቻ ይደርሳል። ከዚህም የተነሣ ከእያንዳንዱ ውጊያ በኋላ ሙሉ ጤና ማግኘት ርካሽ ሆነ፤ ቁስልም የሚያስፈራ ነገር መሆኑ ቀረ። እርስዎም ዋጋ ሲቆርጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ ተጫዋቾቹ ይህን ዕቃ በብዛት ቢገዙት ከጨዋታው ምን ይጠፋል?

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መጽሐፍ ሰፊውን የዋጋ ክልል ትቶ ለየብርቅነቱ አንድ ቁጥር ሰጥቷል፤ 100፣ 400፣ 4,000፣ 40,000 እና 200,000 ወርቅ። ለጨዋታ መሪ ሥራውን ያቀልለታል፤ ነገር ግን ብርቅነትን መሠረት ማድረጉን ስላልተወ ከላይ የገለጽኩት ማመዛዘን አሁንም አይቀርልዎትም።

ገበያውን በተመለከተ ያለዎት ሀብት ትልቅ ነው፤ ሞዴሉ ከቤትዎ ብዙ አይርቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር በምትገኘው በአልዩ አምባ፣ ከታጁራ ጠረፍና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከደገኛው ጋር ይገናኙ ነበር። ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን ሰው የሚገበያይበት አሞሌ ጨው ደግሞ፣ ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በፈጠሩት ዓለም ውስጥም ለአስማታዊው ዕቃ መነሻ ቦታ ያበጁለት። የፈውስ መድኃኒቱ የሚቀመመው በቆላው ከሆነ በቆላ ከመደበኛው 50 ወርቅ ወርዶ 40 ይሁን፣ ደጋ ሲደርስ 70፣ በጦር በተከበበው አምባ ላይ 150 ይሁን። ተጫዋቾቹ ልዩነቱን ሲያዩ ራሳቸው ነጋዴ መሆን ያምራቸዋል፤ መንገዱ ሽፍታ ካለበት ደግሞ የሚቀጥለው እሑድ ጨዋታዎ ከወዲሁ ተዘጋጀ ማለት ነው። ኃይለኛ ገዥንም አይርሱ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃን እጅግ ይፈልጉ እንደነበር የታወቀ ነው፤ በእርስዎም ዓለም የሚነድ ሰይፍ ወደ ገበያ ቢመጣ የንጉሡ ሰው ሳያየው አደባባይ ሊወጣ አይችልም።

ከሦስተኛው እትም ሊወስዱት የሚገባ አንድ ደንብም አለ፤ እያንዳንዱ ሰፈራ የዋጋ ጣሪያ ነበረው። በመንደር ከ200 ወርቅ በላይ የሚያወጣ ዕቃ አይገኝም፤ በትንሽ ከተማ ጣሪያው 800፣ ከፍ ባለው ከተማ 3,000 ሲሆን፣ 100,000 የሚደርሰው ከሁሉ በሚበልጠው መናገሻ ብቻ ነው። ይህን ከያዙ «እዚህ የለም» ብለው ለተጫዋቾችዎ ሲመልሱ ምክንያት ይኖርዎታል።

ጥያቄ፦ «የጨዋታ መሪያችን ያገኘነውን አስማታዊ ዕቃ ሁሉ በግማሽ ዋጋ ብቻ ነው የሚገዛን። ይህ ማጭበርበር አይደለም? የምንጽፈው ከሸዋ ሮቢት ነው።»

መልስ፦ አይደለም፤ የግማሽ ዋጋ ልማድ ከሦስተኛው እትም የመጣና ምክንያት ያለው ነው። በዚያ እትም ዕቃውን ለመሥራት የሚወጣው ወጪም የዋጋው ግማሽ ነበርና፣ የሚሸጥበት ከዚያ ቢበልጥ ጠንቋዩ ጀብዱውን ትቶ ሲሠራና ሲሸጥ ይውል ነበር። ሆኖም ለአምስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ የተሻለ መንገድ አለው። ሻጩ የአንድ ሳምንት ሥራና 25 ወርቅ አውጥቶ ገዥ ያፈላልጋል፣ የማግባባት ዕድሉን በዳይስ ይጥላል፤ እስከ 10 ከመጣለት የመነሻ ዋጋውን ግማሽ፣ ከ11 እስከ 20 ሙሉውን፣ ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ከግማሽ እጥፍ ይሰጡታል። ይህን ለመሪያችሁ አሳዩት።

እኔ ግን ከዳይሱ ይልቅ የገዥው አቅም ይታሰብ እላለሁ። በደንቡ መሠረት 50 የወርቅ ሳንቲም አንድ ፓውንድ ይመዝናል፤ 20,000 ወርቅ እንግዲህ 400 ፓውንድ፣ ማለትም ከ180 ኪሎ በላይ ነው። በዚያው ደንብ ሙያ የሌለው የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው 2 የብር ሳንቲም ሲሆን አንድ የወርቅ ሳንቲም ደግሞ 10 የብር ሳንቲም ነው። እንዲህ ባለ አገር 20,000 ወርቅ ቆጥሮ የሚሰጥ ነጋዴ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መሪያችሁ ከወርቁ ይልቅ በርስት፣ በበቅሎ፣ በግብር ነፃነት ወይም በሹመት ልክፈላችሁ ቢላችሁ በደስታ ተቀበሉት፤ ግማሽ ዋጋ ካላችሁት ወርቅ የበለጠ ዕድሜ ያለው ታሪክ ታገኙበታላችሁ።

ጥያቄ፦ «እኛ የመሐል ሜዳ ልጆች ክርክር እንወዳለን። አንድ ቀለበት ለመግዛት ምሽቱ ያልቃል። መፍትሔ አለው?»

መልስ፦ ክርክሩን አትተዉት፤ ወሰን አብጁለት። ገዥው አንድ ዋጋ ይጥራ፣ ሻጩ አንዴ ይመልስ፣ ከዚያ ዳይሱ ይፍረድ። እ.ኤ.አ. የ2017ቱ መጽሐፍ ለመግዛትም ደንብ አለው፤ ሻጭ ለማፈላለግ ቢያንስ አንድ ሳምንትና 100 ወርቅ ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሳምንት ወይም 100 ወርቅ ደግሞ ዳይሱ ላይ አንድ ይጨመራል፣ ጭማሪው ግን ከ10 አያልፍም። ረጅሙን ክርክር የቡድኑን አቅጣጫ ለሚለውጥ ዕቃ ብቻ አቆዩት፤ ገመድ፣ ችቦና ተራ የፈውስ ብልቃጥ በተጻፈው ዋጋ ተገዝቶ ይታለፍ።