ኮርኒሱን የወረሩት አይጦች

ጥያቄ፦ ቤታችን የጭቃ ነው። ማታ መብራት ስናጠፋ አይጦች ኮርኒሱ ላይ ይሯሯጣሉ፤ የጤፉንም ማዳበሪያ ቀደዱት። ጎረቤቴ «መርዝ ከዱቄት ጋር ለውሰሽ አስቀምጪ» አሉኝ፤ የ2 ዓመት ልጅ ስላለኝ ፈራሁ። ምን ላድርግ?
አንዲት እናት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ሕፃን ባለበት ቤት መርዝ አታስገቢ። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ እያደረገ በቀናት ውስጥ ነው የሚገድለው፤ ስለዚህ አይጧ ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ትሞታለች። እኔ ቤት ሽታው ሁለት ሳምንት አስጨንቆናል። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የተመረዘች አይጥ በልታ ድመታችን መሞቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መርዝ ቤቴ አልገባም።

መጀመሪያ ጤፉን ክዳኑ ግጥም የሚል በርሜል ውስጥ ገልብጪው። ከዚያ ቀዳዳ ፈልጊ። ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊሜትር በሚሆን ክፍተት ትሾልካለች፤ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ለእሷ በር ነው። በጭቃ ብቻ ብትደፍኚው መልሳ ትቆፍረዋለች። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀሽ በላዩ ሲሚንቶ ለስኚበት። የበሩንም ግርጌ ላሜራ አስመቺው።

አይጥ ግድግዳ ታክካ ስለምትሄድ ወጥመዱን ጥግ ጥጉን፣ ልጅሽ ከማይደርስበት ከቁምሳጥን ኋላና ከኮርኒሱ በላይ አድርጊው። የለውዝ ቅቤ ጥፍር ታህል ይበቃል። አንድ ወጥመድ ግን አይበቃም፤ አምስት ስድስቱን በአንድ ሌሊት አጥምጂ።

ዓይነ ምድራቸውን በደረቁ አትጥረጊ፤ አቧራው በሽታ ያመጣል። በረኪና በውሃ አቅጥነሽ አርከፍክፊበትና ጓንት አድርገሽ በጨርቅ አንሺው።