የሃሪ ፖተርን የመጨረሻ ፊልም ዘልለን ብናየውስ? ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከ11 ዓመት ልጅሽ ጋር ስድስቱን ጨርሳችኋል። ሰባተኛው መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሎ እንደተሠራ ሰምተሽ «የመጀመሪያው ክፍል ጫካ ለጫካ መንከራተት ብቻ ነው ይሉኛል፤ እሱን ትተን በቀጥታ የመጨረሻውን ብናይስ? ለልጅስ አያስፈራም ወይ? መጽሐፉንስ እናንብብ ወይ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ አብዛኞቹ «ዝለሉት፣ ምንም አይቀርባችሁም» ብለዋል። እኔ ዘልዬ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የመጨረሻው ፊልም በእንግሊዝና በአሜሪካ የወጣው ሐምሌ 8 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 15፣ 2011። ያን ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት መጥቼ ነበር። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ታናሽ ወንድሜ ከሰፈራችን ሲዲ ቤት ተከራይቶ መጣ። የመጀመሪያውን ክፍል ሌላ ሰው ወስዶታል ተባለና ሁለተኛውን ብቻ ይዞ መጣ። እሱም ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደብቆ በካሜራ የተቀዳ ነው፤ በየመሃሉ አንድ ሰው ሽንት ቤት ይሄድና ጭንቅላቱ በአስማት ትምህርት ቤቱ፣ በሆግዋርትስ፣ ሰማይ ላይ ያልፋል።

እናቴ ምስር እየለቀመች አጠገባችን ተቀምጣለች። ፊልሙ ገና ሲጀምር ባሕር ዳር ላይ አንድ መቃብር ይታያል፤ ልጆቹ በሐዘን ተቀምጠዋል። «ማን ሞቶባቸው ነው?» አለች። እኔም ወንድሜም መልስ አልነበረንም። የማን እንደሆነ አሁን አልነግርሽም፤ ልጅሽ ግን ከሁለተኛው ፊልም ጀምራ ታውቀዋለች፣ ምናልባትም ትወደዋለች። እሱ የሞተው በዘለልነው ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ሳናለቅስ ለቅሶ ቤት ገባን።

ሌላም አለ። እዚህ ላይ ታሪኩን ስለምገልጥ ልጅሽ አጠገብሽ ካለች ስልኩን አዙሪው። የመጨረሻው ፊልም መፍቻ በአንዲት የአስማት ዘንግ ላይ ነው ያለው። የሃሪ ዋና ጠላት ቮልዴሞርት የዓለምን ኃይለኛ ዘንግ ከርዕሰ መምህሩ ከደምብልዶር መቃብር ወስዷል፤ ዘንጓ ግን በደንብ አትታዘዘውም። ለምን? ምክንያቱም ዘንጓ የምትታዘዘው የቀድሞ ባለቤቷን ላሸነፈ ሰው ነው። በስድስተኛው ፊልም ማማው ላይ ደምብልዶርን ዘንጉን ያስጣለው ድሬኮ የሚባለው ልጅ ነው፤ የገደለው መምህር ስኔፕ አይደለም። ድሬኮን ደግሞ በዚያ በሚዘለለው ክፍል ውስጥ ሃሪ እጁ ላይ የነበሩትን ዘንጎች ይነጥቀዋል። የሰከንዶች ነገር ናት። እሷን ያላየ ሰው የመጨረሻው ውጊያ ላይ ሃሪ በዕድል ያሸነፈ ይመስለዋል። ሃሪ ድልድዩ ላይ ቆሞ ለጓደኞቹ ያስረዳል፣ አዎ፤ ግን ሲያስረዳ መስማትና አይቶ ማስታወስ አንድ አይደሉም። የሦስቱ ወንድማማቾች ተረት፣ ያቺ እንደ ጥላ የተሳለችው፣ እሷም እዚያው ናት። ከተከታታዩ ሁሉ ቆንጆው ቁራጭ እሷ ናት ብል አላፍርም።

ስለዚህ መልሴ፦ ሁለቱንም እዩ፤ ከተቻለም በተከታታይ ቀናት። የመጀመሪያው 146 ደቂቃ ነው፣ የመጨረሻው 130፣ ከስምንቱም አጭሩ። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ስለተቆረጠ አንደኛው መንገዱ ነው፣ ሁለተኛው መድረሻው። ዴቪድ ዬትስ ከአምስተኛው ጀምሮ አራቱንም ስላዘጋጀ፣ ሁለቱን ደግሞ አከታትሎ ስለቀረጻቸው አጣብቀሽ ስታያቸው ስፌቱ አይታይም።

አሁን ወደ ስኔፕ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

እናቴ ስሙን ይዛ አታውቅም። «ያ ጥቁር ለባሹ» ነበር የምትለው። ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ ጠምዳ ይዛዋለች፤ ደምብልዶርን ከገደለ ወዲህ ደግሞ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች። ያን ቀን ቮልዴሞርት ዘንጉ የስኔፕ ናት ብሎ በእባቡ ሲያስነክሰው «ይገባዋል!» አለች፣ ምስሩን ሳትተው። ሃሪ አጠገቡ ተንበርክኮ እንባውን በብልቃጥ ተቀበለ፣ ደምብልዶር ቢሮ ሄዶ አፈሰሰው፣ ትዝታው ሊጀምር ሲል ሲዲው ተጣበቀ።

ወንድሜ አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው። መልሶ ሲከት ወደፊት ዘለለና ሃሪ ጫካ ውስጥ ብቻውን ለመሞት ሲሄድ ደረስን። ማን ሂድ እንዳለው አናውቅም። «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቴ። መጨረሻ ላይ «ከ19 ዓመት በኋላ» ይልና ሃሪ ጎልማሳ ሆኖ ባቡር ጣቢያ ይታያል፤ ከሁለቱ ርዕሰ መምህራን ስም ለልጁ እንዳወጣለት ይነግረዋል፣ አንዱ የስኔፕ። እናቴ ያኔ ምስሩን አስቀመጠችው። «የጠላቱን ስም? ለገዛ ልጁ?» አዘጋጆቹን ሁሉ ረገመቻቸው። እኔም የተስማማሁ ይመስለኛል።

በትክክል ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ አግብቼ ወልጄ፣ ያኔ አሥር ዓመቷ ከነበረችው ልጄ ጋር። እናቴም እኛ ጋ ነበረች። ከመጀመሪያው ጀምረን፣ ሳንዘል። ያ የጠፋብን ቁራጭ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ስኔፕ ልጅ ሳለ፣ የሃሪን እናት ከልጅነቷ ጀምሮ ሲወድ፣ እሷን ከሞት ለማዳን ሲለምን፣ ከሞተች በኋላ ልጇን ለመጠበቅ ሲል ዓመታት ሁሉ ሲሰልል። የደምብልዶርን መግደል እንኳ ራሱ ደምብልዶር የለመነው ነገር ነው። ፊልሙ በፊት ያየናቸውን ትዕይንቶች እየመለሰ ያስገባቸዋል፤ ያው ፊት፣ ያው ጥቁር ካባ፣ አሁን ግን ሌላ ሰው ሆኖ ታየን። አላን ሪክማን ይህን ገጸ ባሕርይ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሲጫወት መጽሐፎቹ ገና አላለቁም ነበር፤ ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ግን ከምስጢሩ ጥቂቱን ቀድማ ሹክ ብላው ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ አውቆ ይዞት ሲጫወት ኖረ ማለት ነው። ወደ ኋላ ተመልሰሽ ስታይው ያስታውቃል።

እናቴ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ቆይታ «እኔ እኮ ይገባዋል ብዬ ነበር» አለች። ለማንም አይደለም የተናገረችው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር፦ በየፊልሙ «የእናትህ ዓይን አለህ» እያሉ ጆሯችንን አድክመው፣ እዚያ ትዝታ ላይ እናትየዋ ልጅ ሳለች የምትታየው ቡናማ ዓይን ይዛ ነው። የሃሪ ሰማያዊ ነው። ልጄ ቶሎ ነበር ያየችው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የመጨረሻው ፍልሚያ ነው። መጽሐፉን እናንብብ ወይ ላልሽው አንብቡ የምለውም ለዚሁ ነው፤ በኋላ አንብቡት፣ ግን አንብቡት። መጽሐፉ ውስጥ ሃሪና ቮልዴሞርት ታላቁ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ከቦ እያየ ነው የሚገጥሙት፤ ሃሪ በተወለደበት ስሙ ይጠራዋል፤ ሲሞትም እንደማንኛውም ሰው ይወድቃል፣ ሬሳው መሬት ላይ ይቀራል። ፊልሙ ግን ሁለቱን ብቻቸውን ባዶ ግቢ ውስጥ ያጋጥማቸውና ቮልዴሞርትን እንደተቃጠለ ወረቀት በትኖ ያጠፋዋል። ወንድሜ ያኔ «ሬሳው ካልታየ አልሞተም፣ ለሚቀጥለው ነው ያስቀመጡት» አለ፣ ፈረድኩለት። ሞትን ሲሸሽ ነፍሱን ቆራርሶ በዕቃ ውስጥ የደበቀ ሰው መጨረሻው ተራ ሬሳ መሆኑ ነበር ትልቁ ቅጣት። ለዓይን እንዲያምር ብለው አባከኑት።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ አሜሪካ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ይጠንቀቅ የሚል ደረጃ ሰጥታዋለች። ልጅሽ የስድስተኛውን ፊልም ዋሻ ከነሙታኑ ካለፈች ይህንንም ታልፋለች። ይልቅ የመጀመሪያው ክፍል ነው የሚያስደነግጠው፣ አንዲት አሮጊት ቤት ውስጥ እባብ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ እዚያ አጠገቧ ሁኚ። እዚያው ክፍል ውስጥ የቮልዴሞርት ነፍስ ቁራጭ የተደበቀበት ሃብል ሲሰበር ሃሪና ሄርማዮኒ ራቁታቸውን መስለው ሲሳሳሙ የሚያሳይ ቅዠት አለ። አያት ወይም አጎት ካለ ሪሞቱ እጅሽ ላይ ይሁን፤ እኛ ቤት ሁላችንም አንድ ላይ ውኃ ጠማን። የመጨረሻው ላይ የስኔፕ አሟሟትና አዳራሹ ውስጥ የተደረደሩት ሙታን ይከብዳሉ። ከሙታኑ መካከል የምትወደው ሰው አለ፤ ፊልሙ እንዴት እንደሞተ ሳያሳይ ሬሳውን ብቻ ነው የሚያመጣው። ልጄ «መቼ ሞተ?» ብላ አስቆመችኝ።

ሌላው ጥንቃቄ ብርሃን ነው። ሁለቱም በጣም ጨለማ ፊልሞች ናቸው። ቀን፣ መጋረጃ ክፍት ሆኖ ካያችሁት ግማሹ ጥቁር ግድግዳ ነው። ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ እዩት። ያኔ ፕሮፌሰር ማክጎናጋል የድንጋይ ወታደሮቹን ከግንቡ ላይ ስታስወርድ ታያላችሁ፤ ማጊ ስሚዝ እንደ ልጅ ደስ ብሏት የምትናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፣ አዳምጧት። እሷም፣ ሪክማንም፣ ደምብልዶርን የተጫወተው ማይክል ጋምቦንም፣ ግዙፉን ሃግሪድን የተጫወተውም ዛሬ በሕይወት የሉም።

ባንኩን የሚዘርፉበት ቦታ ላይ ደግሞ ሄርማዮኒ የጨካኟን ሴትዮ መልክ ይዛ ስትገባ፣ የምታይዋት ተዋናይት ሄለና ቦንሃም ካርተር ናት፤ ሌላዋን ልጅ ሆና ነው የምትጫወተው። በማይመቻት ጫማ ስትራመድ ልብ በይ፤ ልጄ እዚያ ላይ ሦስቴ አስመለሰችኝ።

እናቴን በተመለከተ፣ ፊልሙ አልቆ ሳህን ልናነሳ ስንል «የመጀመሪያውን መልሳችሁ ክፈቱልኝ፣ ያን ጥቁር ለባሹን እስኪ» አለች። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ከፈትንላት። ስሙን ግን እስከ ዛሬ አልያዘችውም።