መጠራጠርና መጠርጠር

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። በቅርቡ «ዳውት» (ጥርጣሬ) የተባለውን የጆን ፓትሪክ ሻንሊ ቲያትር አየሁ። ቄሱ በደለኛ ይሁኑ ንጹሕ ሳይነግረን አለቀ። ከዚያ ወዲህ ውስጤ ተረብሿል። ካህን ባየሁ ቁጥር እጠረጥራለሁ። ስጸልይ ደግሞ «ይሰማኛል ወይ?» እያልኩ እጠራጠራለሁ። ኃጢአት ነው? አንድ ነገር ባይስ ዝም ልበል ወይስ ልናገር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን በልብሽ ይዘሽ ባለመቅረትሽ ደስ ብሎኛል። ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ልንገራቸው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1964 ነው፤ ቦታው ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ያለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት። አንዲት ወጣት መምህርት፣ አንድ ተማሪ ከቄሱ ከአባ ፍሊን ዘንድ ሲመለስ አፉ መጠጥ መጠጥ እንደሸተተ ለርእሰ መምህርቷ ለሲስተር አሎይሲየስ ይነግራሉ። ልጁ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ተማሪ ነው። አባ ፍሊን «የመሠዊያውን ወይን ጠጥቶ ተይዞ ነው፤ ከአገልግሎት እንዳይወጣ ብዬ ሸፈንኩለት» ይላሉ። ሲስተር አሎይሲየስ ግን ማስረጃ ሳይኖራቸው እርግጠኛ ናቸው። በመጨረሻ «ወደ ቀድሞ አጥቢያዎ ደውዬ አጣርቻለሁ» ብለው ይዋሻሉ። ቄሱ ይለቃሉ፤ ግን ሌላ ቦታ ከፍ ባለ ሹመት ይቀመጣሉ። ያን ያህል እርግጠኛ የነበሩት ሴትም መጨረሻ ላይ መጠራጠራቸውን እያለቀሱ ይናገራሉ።

አሁን ወደ አንቺ። ጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። መጠራጠር አለ፣ መጠርጠርም አለ። ሥሩ አንድ ነው፤ አቅጣጫው ግን ይለያያል። ስትጠራጠሪ የሚናወጠው የራስሽ ልብ ነው። ስትጠረጥሪ ጣትሽ ሌላ ሰው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ (ማር. 9፥24)። ጌታ አላባረረውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ቶማስም «ካላየሁ አላምንም» ብሎ ነበር። ግን አንድ ነገር አስተውዪ፤ ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ ሲመጣ ቶማስ ከወንድሞቹ ጋር እቤት ውስጥ ነበር (ዮሐ. 20፥26)። ተጠራጠረ እንጂ ከማኅበሩ አልወጣም። የሚያስፈራው ጥርጥር ጸሎትና ጉባኤ የሚያስተውሽ ነው። አንቺ እየተጠራጠርሽም እየጸለይሽ ነው፤ አትተዪው።

ሁለተኛው ይከብዳል። እዚህ ላይ የካህኑን የዔሊን ታሪክ አስባለሁ። ሐና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ዔሊ አይቶ ሰክራለች አለ። ያየው እውነት ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። የደመደመው ግን ስሕተት ነው። ደግነቱ ጮክ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም መለሰችለት፤ እሱም ሐሳቡን ቀይሮ መረቃት። ይኸው ዔሊ የገዛ ልጆቹ፣ ካህናቱ አፍኒንና ፊንሐስ፣ በቤተ መቅደሱ የሚሠሩትን ክፋት ከሕዝቡ ሲሰማ በቃል ብቻ ገሠጻቸው። እግዚአብሔርም «እያወቀ አልከለከላቸውም» ብሎ ፈረደበት (1ሳሙ. 3፥13)። አየሽ? አንድ ሰው ንጹሑን ቸኩሎ ጠረጠረ፤ በደለኞቹን ደግሞ ታገሠ። ስለዚህ «ካህንን አትጠርጥሪ» ብዬ አላሰናብትሽም። እንዲህ ዓይነቱ ምክር ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። ይህን የምለው እያዘንኩ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በሽማግሌ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን መሪ፣ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳንቀበል ይከለክላል (1ጢሞ. 5፥19)። ይህን ጥቅስ ሰው ዝም ለማሰኘት የሚጠቀሙ አሉ። የሚቀጥለውን ቁጥር ግን ያንብቡት፤ ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። ምስክር የተጠየቀው ነገሩ እንዲጣራ ነው እንጂ እንዲቀበር አይደለም። እግዚአብሔር እንኳ የሰዶም ጩኸት ሲደርሰው «ወርጄ አያለሁ» አለ (ዘፍ. 18፥21)። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ይህን ያለው ለእኛ ሥርዓት ሊያስተምረን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች በዝሙት በሐሰት የከሰሷትን ሶስናን ከሞት ያዳናትም ምርመራ ነው። ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሌዎች ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ሲል ቃላቸው ተለያየ። አበው «ከጠረጠሩ ይመነጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሲስተር አሎይሲየስ ለልጁ ማሰባቸውን አልነቅፍም። ሕፃን አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል ብሎ መንቃት ትክክል ነው። የማልቀበለው ውሸታቸውን ነው። ኢዮብ ወዳጆቹን «ስለ እግዚአብሔር ሐሰት ትናገራላችሁን?» ብሎ ገሥጿል (ኢዮ. 13፥7)። ውሸቱ ደግሞ ምን አመጣ? ቄሱን ከዚያ ትምህርት ቤት አስወጣ፤ እውነቱን ግን አላወጣም። ንጹሕ ከነበሩ ስማቸው ሳይነጻ ቀረ። በደለኛ ከነበሩ ደግሞ ሌሎች ልጆች ዘንድ ሄዱ።

እንግዲህ ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ራስሽን ጠይቂ፤ ያየሽው ወይም የሰማሽው ነገር አለ? ወይስ ከቲያትሩ ያደረብሽ ስሜት ነው? ያየሽው ካለ፣ ያየሽውን ብቻ ሳትጨምሪ ለሚመለከተው ተናገሪ። ለጎረቤትና ለጓደኛ አታውሪ። ነገሩ ሕፃንን የሚነካ ከሆነ እርግጠኛ እስክትሆኚ አትጠብቂ። ልጁን ለመጠበቅ ጥርጣሬ ይበቃል፤ ለመፍረድ ነው የማይበቃው። ልጁ ከዚያ ሰው ጋር ብቻውን እንዳይሆን አድርጊ፤ ለወላጅም ለሕግም አሳውቂ። ምርመራውን ለመርማሪ ተዪለት።

ስሜት ብቻ ከሆነ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ለእኔ የጻፍሽውን ሳትቀንሺ። እሳቸውንም ጠርጥረሻቸው ከሆነ፣ ያንንም ጭምር።