መልስ፦ ከእናቴ ጋር በሁለት ቀን የኮቶርን ባሕረ ሰላጤ ማየት ይቻላል?

እህቴ፣ በሞንቴኔግሮ ያለውን የኮቶርን ባሕረ ሰላጤ ከእናትሽ ጋር በሁለት ቀን ማየት ይቻላል። የት እንደር ላልሽው ግን ከኮቶር ከተማ ይልቅ ፔራስትን ምረጡ። የቀድሞ መርከብ አዛዦች የድንጋይ ቤቶች በባሕሩ ዳር የተደረደሩባት ትንሽ ከተማ ናት፤ መንገዷ ሜዳ ስለሆነ እናትሽ አይደክሙም።

ከዚያ በጀልባ በትንሽ ደሴት ላይ ወዳለው የድንጋዩዋ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተሻገሩ። ደሴቲቱ ሰው ሠራሽ ናት። የአካባቢው መርከበኞች አሮጌ መርከቦችን እያሰጠሙና ድንጋይ እየከመሩ ሠሯት፤ ዛሬም በየዓመቱ ሐምሌ 22 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀልባ አሰልፈው ድንጋይ ይጥላሉ። ከማዕበል የተረፉት በስለት ያስገቧቸው የብር ሰሌዳዎች በቤተ ክርስቲያኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ተደርድረዋል። እናትሽ ይህን ሳያዩ እንዳይመለሱ አደራ!

ኮቶር ከተማ ግን በማለዳ ሂዱ፤ ረፋዱ ላይ ከግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች የሚወርደው ሕዝብ ጠባብ መንገዶቿን ይሞላቸዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1166 የተባረከውን የቅዱስ ትሪፎን ካቴድራል አብራችሁ እዩ። ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ወዳለው ምሽግ የሚያወጣው ደረጃ ከ1,300 በላይ ስለሆነ፣ እናትሽ አደባባዩ ላይ ቡና ይጠጡ፤ አንቺ ሙቀቱ ሳይበረታ ውጪ። ባሕሩና ዙሪያውን የቆሙት ተራሮች በአንድነት የሚታዩት ከዚያ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ በዚያው ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለችው ሪሳን ከተማ የሮማውያን ሞዛይክ (ከትንንሽ ድንጋዮች የተሠራ የወለል ሥዕል) አለ።

ገንዘቡ ዩሮ ነው፤ ሞንቴኔግሮ ግን የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚያስገቡ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) አባል አይደለችምና በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ከሆነ የቪዛውን ጉዳይ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ።