መልስ፦ እናቴን ይዤ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ናፓ ሳልሄድ የወይን ጠጅ ቤት ማየት እችላለሁ?

እህቴ፣ በወይኑ ወደታወቀው የሰሜን ካሊፎርኒያ አካባቢ፣ ናፓ ድረስ መንዳት ምን አደከመሽ! እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ከመሃል ከተማው አለፍ ብሎ፣ ላማር ጎዳና ላይ ሳን አንቶኒዮ የሚባል የወይን ጠጅ ቤት አለልሽ። ከሰሜን ጣሊያን የመጣው ሳንቶ ካምቢያኒካ በ1917 እ.ኤ.አ. የከፈተው ነው፤ ዛሬም በዘመዶቹ በሪቦሊ ቤተሰብ እጅ ነው። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ታግዶ ብዙው ጎረቤት የወይን ጠጅ ቤት ሲዘጋ፣ እሱ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴ ወይን እየጠመቀ ተረፈ። እኔን ከወይኑ በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የወይን ማሳ ግን አትጠብቂ፤ አካባቢው መጋዘን በመጋዘን ነው። እናትሽ ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) ወይን ካልወደዱ ስቴላ ሮዛን አስቀምሻቸው፤ የዚሁ ቤት ምርት ነው፣ ጣፋጭና ቀለል ያለ። ምግብ ቤትም ስላለው ምሳችሁን እዚያው ብሉ። መኪና የሚነዳው ሰው ብቻ ቅምሻው ይቅርበት።